ቬንትሌተሩ የእኔ ነበር

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም የሻርኩበትን ቀን ሳይቀር ዘርዝሬያለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ዘልያት አልፋለሁ። ለምን? ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም፣ ጉቦም አልበላሁም እያልኩ ራሴን ስለማታልል ነው። የሠራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ትክክል ነው» አልኩ። እናንተ የማታውቁኝ ሰዎች ናችሁና ለእናንተ መናገር ሳይቀለኝ አይቀርም። እባካችሁ ሰምታችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ልታጽናኑኝ አትቸኩሉ።

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ቀበሌ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነኝ። ያኔ ኮንትራት ነበርኩ። ለድሃ ቤተሰቦች በየወሩ የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ ለሚገባው ሰው መድረሱን መከታተል ሥራዬ ነበር። የምኖረው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ እንደ እኔ ከሸዋ መጥቶ የቀረው፣ ሁላችንም አንድ የውኃ ቧንቧ ላይ እየተጨቃጨቅን አርጅተናል። የግቢው ልጆች «ኤዶ» ነው የሚሉኝ፤ በሶማሊኛ አክስቴ እንደ ማለት ነው።

ግድግዳ የምንጋራው ከሰዓዳ ጋር ነው። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ በደወሌ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ትልቋን ልጇን ኢፍራህንና ሁለት ታናናሾቿን ይዛ ቀረች። ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፤ የሚታጠብ ሲጠፋ ሳምቡሳ ጠብሳ መንገድ ዳር ትቀመጣለች። ልጆቹን ቁርስ አብልቶ ትምህርት ቤት የሚልክላት ያ የወር ድጋፍ ነበር። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ድጋፉ በዘገየ ቁጥር ልጆቹ ጠዋት በጥቁር ሻይ ብቻ ሲወጡ በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። ኢፍራህ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበረች፤ የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ እያነበበች ነበር የምትሠራው፤ ማባዛትን ከእኔ ልጅ ጋር በግድግዳ እየተጯጯሁ ነው ያጠኑት።

አሁን ስለ ግቢያችን ልማድ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሬ አይገባችሁም። እኛ ዘንድ እንግዳ የሚመጣው ለአንድ ቤት አይደለም፤ ለግቢው ነው። አንዷ ቤት እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ፣ ሁሉም ያለውን ደህና ዕቃ አውጥቶ ይሰጣታል። የአንዷ ምንጣፍ፣ የሌላዋ መከዳ፣ የወዲያኛዋ ፐርሙዝና ብርጭቆ። ቬንትሌተር ደግሞ ከእኔ ቤት ነው። ባሌ በሕይወት እያለ የተሰበረውን መከለያውን በመዳብ ሽቦ አስሮት ነበር፤ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ግቢው ውስጥ የማያውቀው የለም። እንግዳው ሲሸኝ ዕቃው ሁሉ ተወልውሎ ወደየቤቱ ይመለሳል። እንግዳው ፊት «ይሄ የተዋስኩት ነው» ብሎ መናገር ግን ነውር ነው። አክብረህ ያነጠፍክለትን መልሰህ ከሥሩ እንደ መጎተት ነው።

እንግዲህ የድጋፉ አሠራር «ተሻሻለ» ተባለ። አዳራሽ ውስጥ ሰብስበው አሠለጠኑን። ድጋፍ ጥገኝነትን ያመጣል፣ ሰው ራሱን መቻል አለበት፣ ስለዚህ የተሻሻለ ቤተሰብ ከድጋፉ «ይመረቃል» አሉን። አዎ፣ ይመረቃል ነው ያሉት፤ እኛም እንደ ቁም ነገር ጻፍነው። ዱሮ ማን እንደሚቸገር የሚናገሩት የሰፈር ሽማግሌዎችና እናቶች ነበሩ፤ የማን ምድጃ እንዳልነደደ ያውቃሉ። አሁን ታብሌት የያዘ ባለሙያ ከላይ ቢሮ ይመጣና ዕቃ ይቆጥራል። ምንጣፍ አለ? ቬንትሌተር አለ? ቴሌቪዥን አለ? ታብሌቱ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ካለፈ ድሃ አይደለህም። ከእነዚያ ሁሉ ጥያቄዎች መካከል «ልጆቹ ዛሬ ምን በሉ?» የሚል አንድም አልነበረም። እኔ ይህን አየሁ። አይቼም ዝም አልኩ። አለቃችን፣ ቀበሌያችን ስንት ቤተሰብ ማስመረቅ እንዳለበት ገና አንድም ቤት ሳይጎበኝ ተነግሮት ነበር። እሱም ለብቻዬ ጠርቶ፣ ሥራው ካማረ ኮንትራቴ ወደ ቋሚ እንደሚዞር ነገረኝ። ያን ስሰማ ደስ አለኝ።

ለሰዓዳ «ነገ ከላይ ቢሮ እንግዶች ይመጡብሻል» ያልኳት እኔ ነኝ። «ቤትሽን እንዳለ ተዪው» ማለት አቅቶኝ ነበር? ምን እንደምታደርግ አላውቅም ነበር? ከእሷ ቀድሜ አውቃለሁ። በነጋታው ጠዋት ከባለሙያው ጋር ወደ ግቢያችን ስገባ፣ በሯ ላይ ሳልደርስ ያን ድምፅ ሰማሁት። ቀጭ ቀጭ ይላል።

ገባን። ባዶ ሲሚንቶ የነበረው ወለል ላይ የጎረቤታችን የፋጡማ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። መከዳው በዙሪያው ተደርድሯል፤ ሻሂ በወተት በፐርሙዝ ቀርቧል። ሰዓዳ ብቸኛዋን ደህና ድሪያዋን ለብሳለች። እኛ ድሬዎች አንቱታ ላይ ብዙም አይደለንምና ባለሙያውን እንደ ወንድሟ «ና ግባ፣ ወሪያ፣ ቬንትሌተሩ ጋ ተቀመጥ፤ ሙቀቱ ይገላል» አለችው። ባለሙያው ከደጋ የመጣ ልጅ ነው፤ ላቡ በፊቱ ይንቆረቆራል። የእኔ ቬንትሌተር ፊቱን አደረቀለት። ሻሂውን ፉት አለ። ከዚያ ታብሌቱን አወጣ።

«ምንጣፉ የቤቱ ነው?» አለ።

ሰዓዳ ደነገጠች። ታብሌቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ያ አስተያየት እስከ መቃብሬ ይከተለኛል። እሷ መናገር አትችልም፤ እንግዳዋ ነው። እኔ ግን እችላለሁ። እኔ የቀበሌ ሰው ነኝ፣ እኔ ጎረቤት ነኝ፣ ቬንትሌተሩም የእኔ ነው። «ንገሪው» እያለችኝ ነበር፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

«አዎ፣ የቤቱ ነው። አቦ፣ ሻሂው ቀዘቀዘብህ እኮ» አለችው።

«ቬንትሌተሩም?»

«እሱም።»

ልጁ ክፉ አልነበረም። የጠረጠረ ይመስለኛል፤ ባዶውን የማእድ ቤት ጥግ አይቷል። ወደ እኔ ዞረና «ትክክል ነው?» አለኝ።

«ትክክል ነው» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ምላሴም አልተሳሰረም። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ቋሚ ቅጥሬን እያሰብኩ፣ የባሌ እጅ የጠመዘዘውን ሽቦ እያየሁ፣ በራሴ ቬንትሌተር እየተነፈስኩ «ትክክል ነው» አልኩ።

ዕቃዬ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ሰዓዳ አቧራውን ጠርጋ፣ ክንፎቹን አጥባ ነው የመለሰችው።

ምረቃው በትልቅ አዳራሽ ተደረገ። ለተመራቂዎቹ ቢጫ ካናቴራና ኮፍያ ታደለ፤ ለእኛ የታሸገ ውኃና የሥጋ ሳምቡሳ። አንድ ትልቅ ሰው ድህነትን ታሪክ ስለማድረግ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ አጨበጨብን። ተመራቂዎቹ ለካሜራው «ፈገግ በሉ» ተባሉ። እንደዚያ ያለ ነገር ምን ይባላል? ከልጅ አፍ ዳቦ ነጥቆ እናቱን ካናቴራ አልብሶ ፎቶ ማንሳት! ድህነቱ ከሰው ቤት አልወጣም፤ ድሃው ከመዝገባቸው ወጣ፣ በቃ። እነሱን ስጸየፍ ግን ራሴን የት ላድርግ? ሰዓዳ ስሟ ተጠርቶ ስትወጣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ሳምቡሳውንም በልቻለሁ፤ እንደ ጣፈጠኝ አስታውሳለሁ።

ሰዓዳ የገባት በወሩ ድጋፉ ሲቀር ነው። ደጄ ላይ ቆማ «ዘውዴ፣ የኔ እህት፣ አንቺ ንገሪያቸው እንጂ። ዕቃው የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ» አለችኝ። ያኔም ማስተካከል ይቻል ነበር፤ ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ ነበረ፣ አንድ የምስክርነት ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ «ከላይ ነው የመጣው፣ ምን ላድርግ?» አልኳት። ከላይ! ከእኔ አፍ ነበር የመጣው። ቋሚ ቅጥሬ ጸድቆ ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

መጀመሪያ የኢፍራህ የንባብ ድምፅ ጠፋ። ከትምህርት ቤት ቀርታ የእናቷን ሳምቡሳ ይዛ መንገድ ዳር መቀመጥ ጀመረች። ከዚያ ጅቡቲ የሚኖሩ ዘመዶች ልጅ የምትይዝላቸው ፈለጉ። ሰዓዳ «እዚያም ትምህርት ቤት ያስገቧታል ብለውኛል» አለችኝ፤ እሷም አላመነችውም፣ እኔም አላመንኩትም። በሄደችበት ቀን የእኔ ልጅ በግድግዳው በኩል ስሟን ደጋግማ ስትጠራ ዋለች። አንዲት ልጅ የሌላ ሰው ልጅ አዝላ እንድታድግ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የእኔ ልጅ በቋሚ ደመወዜ ዩኒፎርሟን እየቀያየረች ተማረች።

ሰዓዳ ከዚያ በኋላ ከማንም ዕቃ ተውሳ አታውቅም። እንግዳ ሲመጣባት ሲሚንቶው ላይ ታስቀምጠዋለች። እኔም ስገባ ሲሚንቶው ላይ ነው የምቀመጠው። አትሰድበኝም፣ አታኮርፈኝም፤ ሻሂ ትሰጠኛለች። ባለፈው ጊዜ አልቻልኩም፤ አለቀስኩና «አፉ በይኝ» አልኳት። «እኔ አፉ ብዬሻለሁ። የኢፍራህን ግን እኔ ልልልሽ አልችልም» አለችኝ። ለልጅቷ እስከ ዛሬ ምንም እንዳልነገረቻት ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ዘንድሮ ለአረፋ ኢፍራህ መጣች። በዓሉን አድርጋ ትመለሳለች አሉ። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ወስኜ ገባሁ፤ ቃሉን በልቤ ሳጠና ነበር ያደርኩት። ቁመቷ ከእናቷ በልጧል፤ እጇ ግን የአሮጊት እጅ ሆኗል፤ በረኪና የላጠው፣ የተሰነጣጠቀ። «ኤዶ!» ብላ ተጠመጠመችብኝ። ሲሚንቶው ላይ ልቀመጥ ጎንበስ ስል «አይሆንም! ቆይ፣ ቆይ» አለችና ሮጣ ወጣች። ሰዓዳ ልትከለክላት አፏን ከፈተች፤ ልጅቷ አልሰማቻትም። የፋጡማን ቀይ ምንጣፍ ተሸክማ ተመለሰች። አነጠፈችልኝ። ደግሞ ወጣች። የምታመጣውን አውቄዋለሁ።

ሶኬቱን ሰካች፤ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ወደ እኔ አዞረችው።

«ታዝዘሽ ነው»፣ «አሠራሩ ነው»፣ «አንቺ ባትይው ሌላ ሰው ይለው ነበር» እንዳትሉኝ እለምናችኋለሁ። አሠራሩ የሚያስጸይፍ ነበር፤ ዛሬም ያስጸይፋል፤ ዕቃ ቆጥሮ ልጅ የማይቆጥር ነገር ነው። ግን አሠራር አፍ የለውም። አፉ እኔ ነበርኩ። ይቅርታም አልጠይቃችሁም፤ የምትሰጡኝ እናንተ አይደላችሁም።

ልጅቷን «ኢፍራህ፣ ይሄ ቬንትሌተር የማን ነው?» አልኳት። ለምን እንደ ጠየቅኋት አላውቅም፤ ኑዛዜዬን በዚያ በኩል ልጀምር ፈልጌ ይሆናል።

ሳቀችብኝ። «አንቺ ደግሞ! ያንቺ ነዋ፣ ኤዶ። አሁን ከቤትሽ አይደል ያመጣሁት?»

ሰዓዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኢፍራህ ሻሂ ልትቀዳልኝ ጎንበስ አለች።