ለእናቴ መብራት ስሠራ

ኤልኢዲ አይሞቅም የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዝም ማለት አልችልም። ታክሲ ውስጥም ቢሆን እከራከራለሁ። የድሮው አምፖል ሙቀቱን ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት ይረጨዋል፤ ስትነካው ያቃጥልሃል፣ ታውቀዋለህ። ኤልኢዲ ግን ትንሽ ኤሌክትሪክ በልቶ ብዙ ብርሃን ይሰጥና ሙቀቱን ከጀርባው ይይዘዋል። አሉሚኒየም አስደግፈህ ሙቀቱን ካላወጣህለት አይፈነዳም፣ አይጮኽም፤ ቀስ እያለ ይደክማል። ባለቤቱ ልብ የሚለው ከወራት በኋላ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ጉድ የሠራኝም ይኸው ማወቄ ነው።

እንጀራዬ የቢሮ ሥራ ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ የትርፍ ጊዜ ሱሴ ነው። የምኖረው ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን፣ እናቴ ደግሞ አየር ጤና ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ታክሲ ከተገኘ መንገዱ ሩቅ አይደለም። እኔ ግን በሁለት ወር አንዴ ብሄድ ነው። ምክንያት አጥቼ አላውቅም ነበር።

አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ቀኑን የምትገፋው በዳንቴል ነው። ለሰፈሩ ሙሽራ ትሠራለች፣ ለአራስ ትሠራለች፣ ለቤተ ክርስቲያን ትሠራለች። ጎረቤቷ ፎቅ ሲሠራ መስኮቷን ጋረደባትና ሳሎኑ በቀትርም ድንግዝግዝ አለ። «ኪሮሹ ክሩን እየሳተብኝ ነው» ስትለኝ መብራት ልሠራላት ወሰንኩ። አንድ ዓይነት ሁለት መብራት ሠራሁ፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለራሴ። ከቆራሌ የገዛሁትን የአሮጌ ኮምፒውተር ማቀዝቀዣ አሉሚኒየም ከኤልኢዲው ጀርባ አሰርኩ፤ ሙቀት የሚያሻግረውን ነጭ ቅባት በመሃላቸው ቀባሁ። ከወንበሯ በላይ ሰቅዬ አንድ ሰዓት ካበራሁት በኋላ ጣቴን አሉሚኒየሙ ላይ አስደግፌ እስከ አስር ቆጠርኩ። አላቃጠለኝም። እናቴ መረቀችኝ። የራሴን መብራት ጊዜ አጥቼ ሳልሰቅለው ካርቶን ውስጥ ቀረ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደወለች። «መብራትህ ደከመብኝ» አለች።

ሄጄ ቀና ብል፣ አሉሚኒየሙ ዳንቴል ለብሷል። ነጭ፣ ዙሪያው አበባ ያለው፣ በሪባን የታሰረ። እናቴ ቤት ያልለበሰ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ ሬዲዮውም ለብሷል። ልጇ የሠራው ዕቃ ራቁቱን መሰቀሉ ከንክኗት ኖሯል። ዳንቴሉን ገልጬ ጣቴን ሳስደግፍ ሁለት ላይ ሳልደርስ አነሳሁ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ መተንፈሻው ነው። አፈንሽው።»

«አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው።»

ተቆጣኋት። እንደ ተማሪ አስቀምጬ ስለ ሙቀት አስተማርኳት። ዳንቴሉን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ኤልኢዲው በእርግጥ ተቃጥሎ መሃሉ ቡናማ ሆኖ ነበር። አዲስ ለወጥኩላትና እንዳልኩት ስለሆነ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ደወለች። «መብራቱ አሁንም ደክሟል» አለች። ሄጄ ሳየው ዳንቴል አልነበረበትም፣ ጣቴም እስከ አስር ቆጠረ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ ነበር። እኔ ግን ጥፋተኛውን አንዴ ይዤዋለሁ፤ ሙቀት ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። በሚቀጥለው እሁድ ተለቅ ያለ አሉሚኒየም ይዤ መጣሁ። በሚቀጥለው ደግሞ ኤሌክትሪኩን የሚመጥንለትን ድራይቨር ቀየርኩ። ክረምቱ ሙሉ በዚህ አለፈ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ ጠረጴዛዋ ላይ እበይዳለሁ፤ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ብሎኖቹን በሳህን ትይዝልኛለች። «ሙቀቱ ታዲያ ወዴት ይሄዳል?» ትለኛለች። ባለፈው እሁድ ያስረዳኋትን እንደ አዲስ አስረዳታለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ክረምት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንድ እሁድ «መሃሉስ ደህና ነው፤ ዳር ዳሩ ነው የጨለመብኝ» አለች። ይህንንም በመብራቱ ተረጎምኩት። ብርሃኑ ጠቦ ነው የሚወርደው ብዬ፣ ወደ ጎን እንዲበትንላት ከነጭ ጀሪካን የቆረጥኩትን ፕላስቲክ ከፊቱ ገጠምኩ። ስጨርስ ለእኔ የቀዳችልኝን ውሃ በክርኗ መትታ ደፋችው። ብርጭቆው ከጎኗ ነበር። «አላየሁትም» አለች። እኔ ውሃው ሽቦው ላይ እንዳይደርስ ነበር የተጣደፍኩት። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው እንደኔ ላለው ነው።

መስከረም ሲጠባ ግን ተናደድኩ። ካርቶን ውስጥ የቀረው መብራቴ ትዝ አለኝ፤ አንድም ቀን ያልሠራ፣ ያልሞቀ። አመጣሁና ከእሷው ጎን ሰቅዬ ሁለቱንም አበራሁ። እንዴት እንደደከመ በዓይኗ አይታ እንድትነግረኝ ነበር የፈለግኩት። የእኔ ዓይን ግን ልዩነት አጣ። በስልኬ የብርሃን መለኪያ ብሞክርም ያው ነው፤ እንዲያውም ስጠግነው የኖርኩት በትንሹ ይበልጥ ነበር።

«የቱ ይበልጣል፣ እማዬ?»

አንዱን አየች፣ አንገቷን አዙራ ሌላውን አየች። «ሁለቱም አንድ ናቸው» አለች። «ሁለቱም ደካማ ናቸው።»

 አንገቷን ለምን ማዞር አስፈለጋት? መብራቶቹ እኮ ጎን ለጎን ነበሩ።

የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ብዙ አልፈጀበትም። የዓይን ግፊት ነው አለን። የማየት መስኩን ከዳር ጀምሮ እየበላ ወደ መሃል ይመጣል፤ አያምም፣ ስለዚህ ሰው ቶሎ አይነቃም። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ማቆየት ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «እናትህ ሲቸገሩ አላየህም? ጥቂት ወራት ቀደም ብትሉ ብዙ ይተርፍ ነበር» አለኝ። መብራት እየጠገንኩ ነበር ብዬ እንዴት ልንገረው? ጅብ ከሄደ የጮኸው ውሻ እኔ ነበርኩ። 

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ገብተን ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። የጠብታውን ክዳን ስከፍት ከዚያ በላይ በሆዴ መያዝ አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። «ዓይንሽ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ። በሙቀት፣ በአሉሚኒየም ስቀባጥር ጊዜሽን በላሁት።»

«ተው እንጂ» አለች። «እኔ አውቄው ነበር እኮ።»

የሰማሁትን አላመንኩም። መቼ እንዳወቀች ጠየቅኳት።

«ትልቁን አሉሚኒየም ይዘህ የመጣህ ጊዜ። ደጅ ፀሐይ ላይ ብቀመጥም ያው ሲሆንብኝ ገባኝ። መብራቱማ ደህና ነበር።»

«ታዲያ ለምንድነው ዝም ያልሽው?»

 ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«እሁድ እሁድ ትመጣ ነበር» አለች። «ደህና ነው ካልኩህ ትቀርብኛለህ ብዬ ነዋ።»

ከዚያ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ አስደግፋ ዓይኗን ከፍታ ጠበቀችኝ። የመጀመሪያው ጠብታ ስቶ ጉንጯ ላይ ወደቀ። ሁለተኛውን ጠብታ እሷው እጄን ይዛ አስገባችው።