ከደፉ ወዲህ

ሃምሳ አለቃው ከሥራ ሲመለሱ የገዛ ቤታቸውን በር ያንኳኳሉ። በጣት አንጓ፣ ቀስ ብለው፣ ሕመምተኛ የተኛበትን ክፍል እንደሚያንኳኳ ሰው። ቤት ውስጥ ማንም እንደሌለ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቁልፉም እጃቸው ላይ ነው። ሆኖም ትንሽ ይጠብቃሉ፤ ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ ይጠርጉና ከፍተው ይገባሉ።

የእኔ በር ከእሳቸው በር ፊት ለፊት ነው። ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ አንዳችን ስናስነጥስ በተዘጋ በር በኩል «ይማርዎ»፣ «ይማርሽ» እንባባላለን። መጀመሪያ ሰሞን ቤታቸው ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ ማንን እንደሚያንኳኩ ብጠይቃቸው ሳቁ።

«ልማድ ነው ልጄ። ሳይታሰብ ገብቼ ወንበሮቹን እንዳላስደነግጥ ብዬ ነው።»

እውነተኛውን ምክንያት የነገሩኝ ቆይተው ነው፤ የዩኒፎርማቸውን የተበጠሰ ቁልፍ ስሰፋላቸው፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ከመርፌዬ ላይ ሳያነሱ።

ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ከአንዲት ልጃቸው ጋር ቀሩ። ልጅቷ አድጋ የክፍሏን በር መዝጋት ስትጀምር ፈሩ። ፖሊስ የሆነ ሰው የተዘጋ በር ሲያይ ደግ ነገር አይታሰበውም። አንድ ከሰዓት ሳያንኳኩ ገቡና ቦርሳዋን አልጋው ላይ ገለበጡት። ሲጋራ ነበር የሚፈልጉት። የተገኘው ማበጠሪያ፣ የጉንፋን ክኒንና ግማሽ ማስቲካ ነው። ቀና ሲሉ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች። አላለቀሰችም።

«ሌባ ቤት እንኳ ወረቀት ይዘህ ነው የምትገባው» አለች።

ሥራ እንደያዘች ቤት ተከራይታ ወጣች። «ሳልጠራህ እንዳትመጣ» አለቻቸው። አልጠራቻቸውም። እሳቸውም አልሄዱም፤ አድራሻዋን ራሱ የሰሙት በሰው በሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ሳያንኳኩ የሚከፍቱት በር የለም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሾፌሩ ጋር ፓትሮል መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ሳለ በሬዲዮ ጥሪ መጣ። አንድ አፓርታማ ውስጥ ድግስ አለ፤ ሙዚቃው ግድግዳ ያናውጣል፤ ከታች ያለችው ጎረቤት ሕፃን ማስተኛት አቅቷታል። አድራሻው ሲነገር ሃምሳ አለቃው ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው አጠለቁት። የልጃቸው ቤት ነው። ቀኑም ልደቷ ነው።

ሾፌሩ ነገሩን ያውቃል። «ሌላ መኪና ይላክ ልበላቸው?»

«የለም፣ እኛ እንሂድ።»

«እንግዲያውስ ለእኔም ኬክ ያምጡልኝ» ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ። አልሳቁለትም። ሲደርሱ ሾፌሩ መኪናው ውስጥ ቀረ።

አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው ወጡ። አንኳኩና እንደ ልማዳቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «የኬኩ ሰው መጣ!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከውስጥ። በሩ ሰንሰለቱ እስከፈቀደ ተከፈተ፤ ኮፍያውን ያየ ሌላ ደግሞ «የኬኩ ሳይሆን ኬኩን የሚወርሰው ነው» አለና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ያልሳቀችው በሩን የከፈተችው ብቻ ናት።

«የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘዋል?» አለች።

አንተ አንቺ ተባብለው የኖሩ አባትና ልጅ ናቸው። «ይዘዋል» ስትላቸው፣ አሉኝ፣ ከእጃቸው የሆነ ነገር አምልጦ በደረጃው ቁልቁል የተንከባለለ መሰላቸው።

«አልያዝኩም» አሉ። «ትእዛዝ ከሌለኝ፣ ከውስጥም የድረሱልኝ ጩኸት ካልሰማሁ፣ እርስዎ ካልፈቀዱልኝ በቀር አልገባም። አለመፍቀድ መብትዎ ነው። ከፈለጉ ወጥተው እዚህ ያነጋግሩኝ፤ በሩንም ከኋላዎ መዝጋት ይችላሉ።»

ሰንሰለቱ ተፈታ። ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው፤ እጇን ግን ከእጀታው ላይ አላነሳችም።

«ሙዚቃውን ቀንሰናል እኮ።»

«ይሰማኛል።»

«ታዲያ?»

«ታች ሕፃን አለ። እንዲሁ እንዲቆይ ለማለት ያህል ነው።»

«ስሜን ይመዘግባሉ?»

«አያስፈልግም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ልትስቅ ትንሽ ቀራት። አቀርቅራ ጫማቸውን አየች፤ ከደፉ ወዲህ፣ ጎን ለጎን፣ መምህር ፊት እንደቆመ ተማሪ ጫማ።

«አሁን ታንኳኳለህ ማለት ነው» አለች።

«አንኳኳለሁ።»

ከውስጥ ጠሯት፤ ኬኩ ስለዘገየ ሻማውን ዳቦ ላይ ሊያበሩት ነው። ገባች። በሩን ጨርሳ ሳትዘጋው «ደህና ዋል፣ አባዬ» አለች። ግባ አላለችም። በሩ ተዘጋ፤ ጭብጨባ ተሰማ፤ የኮሪደሩ መብራት በራሱ ጊዜ ጠፋ። እሳቸው ጭብጨባው እስኪያልቅ ጨለማው ውስጥ ቆሙ።

የዚያን ዕለት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በእኔ በር በኩል ሰምቻቸዋለሁ። እንደ ወትሮው አንኳኩ። የጠበቁት ግን ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ነው።

እስካሁን አልጠራቻቸውም። እሳቸው ግን «ደህና ዋል ብላኛለች እኮ» ይላሉ፤ እኔ የጠረጠርኩ ይመስል።

«ጻፊው» አሉኝ ቁልፉን ሰፍቼ ስጨርስ። «ወጣቶቹ ያንብቡት። ፖሊስ በራቸው ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሚችሉ ይወቁ። አንዲቷን ነገር ብቻ ተዪልኝ።»

አንዲቷ ነገር ይቺ ናት፦ ወደ ልጃቸው ቤት ሲወጡ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ፣ ወገባቸው ላይ ያለው ሬዲዮ ጠርቷቸው ነበር። ጎረቤቲቱ እንደገና ደውላለች፤ ሙዚቃው ተቀንሷል፤ ሕፃኑም ተኝቷል፤ ተመለሱ ተባሉ። ሃምሳ አለቃው ሬዲዮውን አጠፉና ወደ ላይ ወጡ።