ለሽማግሌ የተሰጠው ሥራዬ

ነገሩ የሆነው ካቻምና ነው፤ ጥምቀት አልፎ የደብረ ብርሃን ብርድ ግን አላልፍም ባለበት ሰሞን። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ስለተበደልኩ ብቻ አይደለም። የተበደለ ሰው በየቤቱ አለ። እኔ ግን የተበደልኩት በሥርዓትና በምርቃት ነው። በዳዮቼ በሙሉ ያን ቀን ጽድቅ የሠሩ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነው ወደየቤታቸው የሄዱት።

በባዮሎጂ ተመርቄ ሥራ ሳላገኝ ዓመታት አልፈዋል። እናቴ በሕይወት የለችም፤ የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ ከአንኮበር በልጅነቱ መጥቶ እዚህ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። የማስገባቸው የሥራ ማመልከቻዎች እንዳላዋጡኝ ሲያይ አዝራር እንድተክል ይሰጠኛል።

በዚህ መሀል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቅጥር ማስታወቂያ ወጣ። የጽሑፍ ፈተና አለው፤ ሴቶች ይበረታታሉ ይላል። ለአባቴ ስነግረው «ሴት ልጅ መሰላል ላይ?» አለና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። በማግስቱ ግን ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ዩኒፎርሙ ከሰፋሽ እኔ አስተካክልልሻለሁ» አለኝ። ፈቀደ ማለት ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ደሞዙን ነበር፤ አልዋሽም። ሳጠና ግን ሥራውን ወደድኩት። በዘይት የተነሳ እሳት ላይ ውኃ መድፋት ምን እንደሚያመጣ፣ ሰውን ከነበልባሉ በፊት ጭሱ እንደሚገድለው፣ በር ከመክፈት በፊት በእጅ ጀርባ ዳስሶ ማየት እንደሚያስፈልግ አነበብኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ የሚሄደው ወደተላጠ ሽቦ ሆነ። ጎረቤቶቼን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታንድዱ እያልኩ ነዘነዝኳቸው። ስሜን ትተው «እሳት አደጋ መጣች» ማለት ጀመሩ። ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

የሚያስጠናን ታምሩ የሚባል ልጅ ነበር። ወለጋ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምር የነበረ፣ ተፈናቅሎ ከእናቱ ጋር ከተማው ዳር መጠለያ ውስጥ የሚኖር ነው። አንድ ፑል ቤት ጠዋት ጠዋት ባዶ ስለሚሆን ባለቤቱ ፈቅዶልን ለፈተናው የተመዘገብን ጥቂት ልጆች እዚያ እንሰበሰባለን። የፑሉን ጠረጴዛ በሸራ ሸፍነን ዙሪያውን እንቆማለን፤ ታምሩ ነጥብ በሚመዘገብበት ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የውኃ ግፊት ያሰላልናል። ሲያስረዳ አይቸኩልም። ያልገባው ሰው ካለ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

እሱ ራሱ ግን መፈተን አይችልም ነበር። ማስታወቂያው የከተማው የነዋሪነት መታወቂያ ይጠይቃል፤ እሱ ያለው የተፈናቃይ ወረቀት ነው። አንድ ቀን ስለዚህ ነገር ስናነሳበት «እናንተ እለፉልኝ» ብሎ ወሬውን ቀየረው።

አብረውን ከሚያጠኑት አንዱ ናሆም ነው። ናሆም የጎረቤታችን የጋሽ በላቸው ልጅ ነው። ጋሽ በላቸው ወፍጮ ቤትና የእህል መጋዘን ያላቸው፣ አጥራቸው ከእኛ አጥር ጋር የተጋጠመ ሰው ናቸው። ናሆም ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሻይ ይጋብዘናል፣ ጨዋታው ያስቃል። ጥናቱን ግን ከግድግዳ ተደግፎ በስልኩ ነው የሚጨርሰው።

ፈተናው ሲቃረብ ታምሩና እናቱ ከመጠለያው ወጥተው ጋሽ በላቸው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ገቡ። ያለ ኪራይ ነው ተባለ። ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ በላቸውን መረቀ። እኔም ፍራሻቸውን ተሸክመው ካስገቡት አንዷ ነበርኩ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ሰው እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኗል። ፈታኙ ጋቢውን እንደተከናነበ በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል፤ እጁን ከብብቱ ማውጣት እየከበደው መታወቂያውን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ሰዉን ያስገባል። እኔ ገብቼ ተቀምጫለሁ። «ናሆም በላቸው» አለ።

«አቤት» ያለውን ድምፅ አውቀዋለሁ። ዞር ስል ታምሩ ነው። የሱፍ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ፎጣውን እስከ አፍንጫው ጠምጥሟል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ እሱ አቀረቀረ። ፈታኙ አሳለፈው። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ሳልወስን ወረቀቱ ታደለና መጻፍ ጀመርኩ። ከባድ አልነበረም፤ አብዛኛውን ፑል ቤት ሠርተነዋል።

ውጤት ሲለጠፍ ናሆም በላቸው ከሁሉም በላይ ነው። እኔ የመጀመሪያዋ ተጠባባቂ ሆኛለሁ። ከተመረጡት አንድ ሰው ቢወጣ የምገባው እኔ ነኝ ማለት ነው።

በቀጥታ ታምሩ ጋ ሄድኩ። በር ላይ ቁጭ ብሏል፤ ሲያየኝ አልተነሳም።

«ለምን?» አልኩት።

«እናቴ ሌላ ክረምት ድንኳን ውስጥ አትወጣልኝም» አለኝ። «ተመዝገብ ቢሉኝ ለራሴ እፈተን ነበር። ከከሰስሽኝ ክሰሺኝ፣ አልቀየምሽም።»

እናቱ ውስጥ ሆነው ማን ነው ይላሉ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሁለት ቀን ካሰብኩ በኋላ ፈተናውን ወዳወጣው መሥሪያ ቤት ሄጄ ናሆም አልተፈተነም፣ ሌላ ሰው ነው የተፈተነለት ብዬ ተናገርኩ። የታምሩን ስም አልጠራሁም። ኃላፊው ጥሩ ሰው ነበር። «ሰኞ መጥተሽ በቃልሽ ላይ ፈርሚ። እሱም ይጠራና ያንኑ ፈተና እኛ ፊት ይሠራዋል። ካልቻለ አንቺ ትገቢያለሽ» አለኝ። ወደ ቤት ስመለስ ከደስታዬ ብዛት መንገዱ አልታወቀኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ከፊት የንስሐ አባታችን ናቸው። አባቴ በር ከፍቶ ሲያያቸው ፊቱ በራ። ለአቅመ ሔዋን ከደረስኩ ቆይቻለሁ፤ ካህን የመሩት ሽማግሌ ነጭ ለብሶ ሲመጣ አንድ አባት ምን እንደሚያስብ የታወቀ ነው። ነጠላውን አስተካከለ፣ መከዳውን አራገፈ፣ ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ ወደ ውስጥ ግቢ አለኝ። እውነቱን ልናገርና እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ማን ይሆን እያልኩ ልቤ ይመታ ነበር።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ አባቴ።

«የመጣንበትን ሳትሰጠን አንቀመጥም» አሉ ሽማግሌዎቹ። ወጉ ነው፤ እሺ እስኪባሉ ይቆማሉ።

አባቴ ወግ የሚያውቅ ሰው ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ቆይ ልስማ፣ ልምከርበት ይል ነበር። ያን ቀን ግን ሳያመነታ «እናንተ መጥታችሁ እኔ ምን እከለክላለሁ? የመጣችሁበትን ሰጥቻለሁ፤ ተቀመጡ» አለ።

ተቀመጡ። መረቁት። ከዚያ የንስሐ አባታችን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የመጣነው በጋሽ በላቸው ልጅ ነገር ነው። ከመሥሪያ ቤቱ መጥሪያ ደርሶታል፤ ልጅህ ነገ ልትፈርምበት ነው አሉ። ይቅር በሉት» አሉ።

አባቴ «እኔ ሌላ መስሎኝ ነው» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ሆኖ።

«ቃል ሰጥተኸናል እኮ፤ ካህን ፊት ነው የሰጠኸው» አሉት።

እኔ ተጠራሁ። የናሆምን ስም ብዙ አላነሱም፤ ያነሱት ታምሩን ነው። አንቺ ከፈረምሽ ያ ምስኪን ይታሰራል፣ እናቱ ተመልሳ ድንኳን ትገባለች፣ ይህን ጉድ በነፍስሽ ትሸከሚዋለሽ አሉኝ። ጋሽ በላቸው አንዲት ክፍል የሰጡት ለዚህ ቀን ጭምር እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አባቴን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

«አንድ ነገር ይጨመርልኝ» አልኩ። «ታምሩና እናቱ ከዚያ ቤት እንዳይወጡ።»

«ተጨምሯል» አሉ ሦስቱም። ለካ ጋሽ በላቸው ከበር ውጭ ቆመው ይጠብቁ ኖሯል፤ ተጠርተው ገቡና የአባቴን ትከሻ ሳሙ። ይቅር ብያለሁ በይ ተባልኩ፤ አልኩ። «እግዚአብሔር የተሻለውን ይስጥሽ» ብለው መረቁኝና ሄዱ። ሰኞ ቤቴ ዋልኩ።

ናሆም ሥልጠና ገባ። ተጠባባቂ የሚጠራ አልመጣም። ክረምቱ ሊገባ ሲል ጋሽ በላቸው ክፍሏን ለእህል እፈልጋታለሁ ብለው ታምሩንና እናቱን አስወጧቸው። በዝናብ ነው የወጡት። ወደ ንስሐ አባታችን ሮጥኩ።

«ልጄ፣ እኛ የሸመገልነው የሥራውን ነገር ነው። የቤት ጉዳይ የባለቤቱ ነው» አሉኝ።

«ተጨምሯል ብላችሁኝ ነበር።»

«ተረጋጊ» አሉኝ። መስቀል አሳልመውኝ ገቡ።

ታምሩ አሁን አረርቲ አካባቢ የሰው ልጆች ያስጠናል ሲሉ ሰምቻለሁ። ስደውልለት አያነሳም።

በአባቴ ላይ ብዙ መናደድ አልቻልኩም። ሽማግሌዎቹን ባየበት ቅጽበት ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ነው የሚመጣብኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ነገሩ ያነሳው አንዴ ብቻ ነው። መርፌ እንዳቀብለው ጠይቆኝ ስሰጠው «ለአንቺ ደስ ብሎኝ እኮ ነው» አለኝ። እሺ አልኩትና ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ናሆም ሥራውን ይሠራል። አንድ እንጨት ቤት ሲቃጠል ከመኪናው ወርዶ ቱቦ ሲጎትት አይቼዋለሁ፤ እንደ ሌሎቹ ነበር፣ የሚነቀፍ ነገር አላየሁበትም። ሰው «አያችሁ፣ ይቅር መባባል ደግ ነው» አለ። እኔ እዚያው ሕዝቡ መሀል ባልዲ ይዤ ቆሜ ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ ጋሽ በላቸው ናሆምን አስከትለው፣ ሙዝና ብርቱካን ይዘው ቤታችን መጡ። ለቡድን መሪነት የውስጥ ዕድገት ወጥቷል፤ የጽሑፍ ፈተና አለው። ታምሩ የለም።

«ያንን ትምህርት ከአንቺ የተሻለ የሚያውቀው የለም አሉኝ» አሉ ጋሽ በላቸው። «እስኪ ማታ ማታ አስጠኚልኝ። ጎረቤት አይደለን?» ናሆም ጆሮው ቀልቶ ጫማውን ያያል።

ጋሽ በላቸው መልስ የፈለጉት ከአባቴ ነው። አባቴ መቀሱን አስቀመጠ። «እሷ ተቀምጣለች አይደል? እሷን ጠይቁ» አለ።

«አላስጠናም» አልኩ።

«እንዴ? ታርቀን የለ?»

«ታርቀናል ጋሽ በላቸው። አላስጠናም።»

ሙዙን ትተውት ሄዱ። አባቴ ለለማኝ ሰጠው። በሳምንቱ ነገሩ እድር ደረሰ፤ እርቅ ያፈረሰችው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ቂመኛ ናት፣ ባል ያላገኘችው ለዚህ ነው ያሉም አሉ። ድሮ በጨዋታ «እሳት አደጋ» ይሉኝ የነበሩ ሴቶች አሁን ስገባ ዝም ይላሉ። ያንን ማስታወቂያ ሳላየው ብቀር ይሻለኝ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ይቅር ያልኩት በአፌ ነው፤ ልቤ አሁንም ይነደኛል፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

በቅርቡ አዲስ የቅጥር ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር። አባቴ ነው መጀመሪያ ያየውና እየሮጠ የነገረኝ። ልመዘገብ ስሄድ መዝጋቢዋ መታወቂያዬን አየችና ዕድሜሽ አልፏል አለችኝ። ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም። ተመዝጋቢ ስለበዛ ቶሎ ተዘጋ ነው ያልኩት። እሱም «ግድ የለም፤ ደግሞ ይወጣል» አለኝ፤ እኔም አዎ ይወጣል አልኩት።