አብዷል ያልኩት የወይዘሮ አስካለ ውሻ

ቡታጅራ ውስጥ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ገመድ ብቻ ነበር። መደቤ ከብት ያዥ ነው። አለቃዬ በሬውን ሲወጋ እኔ ቀንዱን ጨምድጄ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ጽሑፍ አነብ ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ የተቀጠርከው ለመያዝ ነው ለማንበብ?" አለኝ።

"ሁለቱንም እችላለሁ" አልኩት። ቻልኩም።

የኮሌጅ ደጃፍ ሳልረግጥ መውጋት፣ ማዋለድ፣ ማኮላሸት ተማርኩ። የማኮላሻውን ጉጠት እንደ እኔ የሚይዝ ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ረዳት ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ወልቂጤ ከገባሁ ወዲህም ሰው ከሐኪም በፊት የሚጠራው እኔን ነው። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ችሎታዬ አይደለም፤ እሱን ሁሉም ያውቃል።

ወይዘሮ አስካለ ከከተማው ጥግ እንሰት ያላት ባልቴት ናት። ልጇ ትዕግስት አዲስ አበባ የፈረንጆች ቤት ትሠራ ነበር። ፈረንጆቹ አገራቸው ሲገቡ ውሻቸውን ለትዕግስት ተዉላት፤ እሷም ለእናቷ ላከችው። ስሙ ቶቢ ነው።

እንዳየው ተጠራሁ። ፀጉሩ ያልተበጠረ ቃጫ ይመስላል። ፊቱ የቀበሮ፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ እግሩ አጭር፣ ጭራው ወደ ላይ እንደ ጣት የተቀሰረ ነው። ጥርሱን አየሁ፤ የጎልማሳ ውሻ ነው። ቁመቱን አየሁ፤ የቡችላ ነው። ግራ ገባኝ። ግራ መጋባቴን ግን ለደንበኛ አሳይቼ አላውቅም።

"ቡችላ ነው፤ ያድጋል" አልኳት።

ዓመት አለፈ። "ጋሽ ደምሴ፣ ያድጋል ያሉኝን ውሻ አውራ ዶሮዬ በቁመት በለጠው እኮ!" አለችኝ። ቪታሚን ወጋሁት። ጩኸቱ ብቻ አደገ።

ጠባዩም አልገባኝ አለ። የጎረቤት በሬ ፊት ቆሞ ይጮሃል፤ በሬው ሲገፋው አይሸሽም። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ተንጋሎ ሆዴን እከኩኝ ይላል። ይህ ጠባቂ ነው? ፈሪ ነው? ደፋር ነው?

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አስካለ እያለቀሰች ደወለች። ስደርስ ሦስት እንሰት ወድቋል። ቶቢ ከግንዳቸው ሥር ጭንቅላቱን ቀብሮ ይቆፍራል፤ ወደ መሬት ውስጥ ይጮሃል፤ ሥር ይነክሳል። ብቅ ሲል ዓይኑ ቀልቷል፤ አፉ አረፋ ደፍቋል። ብትጠራው አይሰማም።

"አብዷል" አልኩ። እንኳን እኔ፣ ማንም ይለዋል።

በገመድ አንገቱን ይዤ ማገዶ ቤት ዘጋሁበት። ጎረቤቷ አቶ ኑረዲን ዱላ ይዘው መጡ። "ወላሂ ያሳዝናል፤ ግን ሰፈሩ ልጅ የሞላበት ነው" አሉ። አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ "ለትዕግስት ምን እላታለሁ?" ትላለች። ሁሉም የእኔን ቃል ይጠብቃል። እኔም ይገደል አልኩ።

ደንቡ ግን ለክሊኒክ ማሳወቅ ነውና ጉብሬ ለምትሠራው ወጣት ዶክተር ደወልኩ። ነገርኳት።

"ጋሼ፣ ሰው ነክሷል?"

"አልነከሰም።"

"ውሃ ሰጣችሁት?"

ለካ አልሰጠነውም። በአርባ ዓመት ሥራዬ ሌላውን ሰው ስንቴ የጠየቅኩት ጥያቄ ነው! ያበደ ውሻ ውሃ መዋጥ ያቅተዋል። ውሃ የሞላ ሳህን በዱላ በበሩ ስር ገፋንለት። ውሃውን እየላሰ ጨረሰው።

"ይህ ብቻውን ነፃ አያወጣውም" አለች። "ፎቶ ላኩልኝ።" በበሩ ስንጥቅ አንስቼ ላክኩላት፤ ብዙም ሳይቆይ ደውላ ሳቀች። "ጋሼ፣ ይህ እኮ ኬርን ቴሪየር የሚባለው ዘር ነው! የስኮትላንድ ውሻ ነው። ድንጋይ ክምር ውስጥ ገብቶ ቀበሮና አይጥ እንዲያወጣ ያራቡት ነው። ከዚህ በላይ አያድግም። እልኸኛ ነው፤ መቆፈር ሥራው ነው። የሚቆፍርበትን ቦታ አይታችኋል?"

አላየንም። አቶ ኑረዲን ዱላቸውን ጥለው ዶማ አነሱ። የወደቀው እንሰት ሥሩ በጥርስ ተግጦ አልቋል። ከስሩ እጅ የሚያስገባ ዋሻ አለ። ትንሽ እንደቆፈሩ አንድ ወፍራም ፍልፈል አፈሩን ገፍቶ ጥርሱን አሳየንና ተመልሶ ገባ።

እንሰቱን የጣለው እሱ ነበር። ያ አረፋ አፈርና ለሃጭ፣ የዓይኑም ቅላት ከአቧራ ነው። ፍልፈል እንሰት እንደሚጥል በጉራጌ የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔ ግን ውሻውን እያየሁ መሬቱን ሳላይ ቀረሁ።

አቶ ኑረዲን፣ "ጋሽ ደምሴ፣ ቪታሚኑን ለፍልፈሉ ነው እንዴ የወጉት?" አሉኝ። አስካለ እያለቀሰች ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ዶክተሯ ለጥንቃቄ አሥር ቀን ታስሮ ይቆይ አለች። ቆየ። በተፈታ ማግስት አስካለ በሯን ስትከፍት የሞተ ፍልፈል ደጃፏ ላይ ተጋድሟል፤ ቶቢ አጠገቡ ተቀምጧል።

አንድ ነገር ዛሬም አይገባኝም። ስኮትላንድ እንዲህ እንሰት የሚጥል ፍልፈል የለም ይላሉ። ማን አስተማረው? ዶክተሯን ብጠይቃት "በደሙ ነው" አለች፤ ይህም አልገባኝ።

ለሙያ ልጆቼ የምለው ይህን ነው። እንስሳ አብዷል ከማለታችሁ በፊት ውሃ አቅርቡለት። የሚቆፍር ከሆነም ከጎኑ ቆፍራችሁ እዩ።