የዓሦቹ ውሃ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ሲበዛበት፣ ያ በረኪና በረኪና የሚል ሽታው ሲመጣ፣ ጋሽ ነስሩ ትዝ ይሉኛል። ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር፣ ከእሳቸው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። እኛ ደቡብ ሱዳናውያን ነን፤ እናቴ ግን በስደት ኢትዮጵያ ስላደገች ቤት ውስጥ የሚወራው አማርኛ ነው። እሳቸው ዘይትና ስኳር በጅምላ የሚሸጡ የወሎ ሰው ነበሩ።

ሱቃቸው ውስጥ፣ ከዘይት ጀሪካኖቹ ጎን፣ የመስታወት ገንዳ ነበራቸው። ዓሦቹን ከካምፓላ በላስቲክ አሳስረው፣ አውቶቡስ ላይ ታቅፈው ነው ያመጧቸው። እኔ ሁሉም አንድ ላይ ቢዋኙ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ባለጥቁር መስመሮቹን ለብቻቸው ባልዲ ውስጥ አደረጓቸው።

"እነዚህ ባለጌ ናቸው፤ የዚያችን ክንፍ ይነጫሉ" አሉኝ።

ያቺ የሚሏት ክንፏ እንደ ነጠላ ጥለት የሚንዘረፈፍ ብርማ ዓሣ ነበረች። ምግብ በቀን አንዴ፣ ያውም ቁንጥር። ከታንከር የተቀዳ ውሃ ደግሞ ወዲያው አይጨመርም፤ ክሎሪኑ እስኪለቅ ከሱቁ ጀርባ መጋዘናቸው ውስጥ ባለ ሰማያዊ በርሜል ያድራል። በዚያ በርሜል ጣሳ የነከረ ሰው ወዮለት! "የዓሦቼ ነው!" ብለው ግቢውን ያተራምሱታል። እናቴ ትስቅባቸው ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈንድቶ ተኩሱ ሲጀመር፣ እናቴ ትንሹን ወንድሜን አዝላ፣ እኔን እየጎተተች ጋሽ ነስሩ መጋዘን ገባች። ታንከር ቀረ። ጄኔሬተሩም ነዳጅ ጨርሶ የዓሦቹ አየር መንፊያ ቆመ። ይባስ ብሎ ወንድሜን ተቅማጥ ያዘው። ዓይኑ ጎደጎደ፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም፤ ሽንቱም ቆሟል። ስኳርና ጨው ሞልቷል፣ የሚበጠበጥበት ውሃ ጠፋ። እናቴ በበሩ ስንጥቅ አላፊ አግዳሚውን ትጠይቃለች። መልሱ አንድ ነው፤ "ሞያ ማፊ!" ውሃ የለም።

በርሜሉን ለመጠየቅ አፈረች እኮ! ቆማ ታየዋለች።

"ምን ያስፈጥጥሻል? ቅጂ እንጂ!" አሏት ጋሽ ነስሩ።

"ዓሦቹስ?"

"አብሽሪ። ልጁን አጠጪ።"

አፍልታ፣ በጥብጣ፣ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣችው። ጋሽ ነስሩ ያለው ውሃ እንዳይበላሽ ብለው ዓሦቹን ምግብ ከለከሉ። አየር እንዲያገኙም ከገንዳው በኩባያ እየቀዱ፣ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱታል። ክንዳቸው እስኪዝል ይህን ሲያደርጉ ይውላሉ። አልሆነም። መጀመሪያ ባልዲው ውስጥ ያሉት አለቁ፤ ቀስ በቀስ ገንዳው ውስጥ ያሉትም። በመጨረሻ ያቺ ብርማዋ በጎኗ ተንሳፈፈች።

ያን ዕለት ወንድሜ እናቴ ጭን ላይ ሸና። እልል ልትል ነበር፤ ተኩሱ ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ነስሩ "አልሐምዱሊላህ" አሉና ዓሣዋን በመዳፋቸው ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። አንጀቴን በሉኝ።

በዓመቱ ሱቁን ሸጠው አገራቸው ገቡ። ወንድሜ ዛሬ በቁመት በልጦኛል፤ ነገረኛ ነው፣ ቤቱን ሲያምስ ይውላል። እናቴ ስትናደድበት፣ "ያ ሁሉ ዓሣ ያለቀው ላንተ ነው?" ትለዋለች። እሱ ምን ያውቃል፤ ይስቃል።