ቃጭሉ ቀበሌ በር ላይ የቆመ ለት

አባቴ እንደሚሞት ከኛ ቀድሞ ያወቀው ራሱ ነው። «ሐኪሙ ይበቃኛል፤ አቁርቡኝ» አለ። ሁዳዴ ነበር። ከቁርባኑ ዋዜማ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰም። በቃሬዛ እንዳንወስደው ትንሽ ሲነቀነቅ ደም ያስለዋል። ስለዚህ የነፍስ አባቱ ቅዳሴ እንዳለቀ ሥጋ ወደሙን ቤት ድረስ ሊያመጡለት ተስማሙ።

እኔን ጠርተው «ፊት ፊት እየሄድክ መንገድ ታስለቅቃለህ» አሉኝ። «አንዴ ከያዝኩ ከማንም ጋር አላወራም። አንተም አደራህን፣ አፍህን ሰብስብ።»

አፌን ያውቁታላ! ከስምንተኛ ክፍል ያስባረረኝ እሱ አይደል?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣን። አንዱ ዲያቆን ቃጭል ያቃጭላል፣ ሌላው ጥላ ይዟል፤ ቄሱ ከጥላው ሥር ቅዱሱን በመጎናጸፊያ ሸፍነው፣ አቀርቅረው ይራመዳሉ። ሆጤ ሰፈር፣ ሱቅ በር ላይ የተቀመጡት ሙስሊም ሽማግሌዎች እንኳ ብድግ አሉ። አንዱ «አላህ ያሽርላችሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

ቀበሌው በር ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አጋድሞ መንገዱን ዘጋው። አንድ ሰፈር ያደግን ልጅ ነው።

«ቁሙ! ያለ ፈቃድ ሰልፍ የለም!»

«ምን ሰልፍ አለ? ቁርባን ነው። አባባ ሊሞትብን ነው።»

«የያዙት ይገለጥና ይታይ። አባ፣ አይሰሙም?»

ቄሱ እንዳቀረቀሩ ቆሙ። ቃጭሉም ቆመ። ልጁ እሳቸውን አየ፣ ዙሪያውን ሊያይ የቆመውን ሰው አየ። አፍሯል። አንድ እግሩን ወደ ዳር አንስቷል እኮ! ሊያሳልፈን ነበር። እኔ ግን አላስቻለኝም።

«እናትህ እኛ ቤት ልብስ ስታጥብ አልነበር እንዴ? ዛሬ ጠመንጃ ቢሰጡህ ጌታ የሆንክ መሰለህ?»

ሰው ሳቀ። ልጁ ፊቱ ጠቆረ።

«ግቡ! ሁላችሁም ግቡ!»

ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነው ተባለና ጓሮ አቆሙን። ቄሱ በርጩማ ቢቀርብላቸው አልተቀመጡም። እዚያው ደረታቸው ላይ እንዳቀፉት ቆሙ። እኔ ልጁ እግር ላይ ወደቅሁ።

«ምነው፣ አሁንስ አትቀልድም?» አለኝ።

ሊቀመንበሩ መጥቶ «እነዚህን ማን አስቆማቸው?» ሲል ጀምበር ልትገባ ነበር። ቤት ስንደርስ አባቴ ዓይኑ ተገልጧል፤ ጉሮሮው ግን ተዘግቷል። እህቴ በጥጥ ከንፈሩን ብታረጥብለት ውኃው ተመልሶ በጉንጩ ወረደ። ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ቀና አሉ። ሥጋ ወደሙ ለነገ አያድርም። ወደ ምሥራቅ ዞረው ለሱ የመጣውን እሳቸው ተቀበሉት።

አባቴ ያያቸው ነበር። እስኪጨርሱ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

ሳይነጋ ሞተ። ቄሱ ፍትሐት አድርገው ቀበሩት፣ ተስካሩንም ባረኩ። ስለዚያች ቀን አንዲት ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት? መልስ አላጣም ነበር።