ስም ያጣው ነጭ ጨርቅ

የእህቴ ልጅ መጋረጃ ትሰፋለች። ባለፈው ሰሞን አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጎትታ አምጥታ ደጃፌ ላይ አስቀመጠችና፣ «አክስቴ፣ ቤቴን ሞልቶ መግቢያ መውጫ አሳጣኝ፤ ወይ አንድ ነገር አድርጊበት ወይ ጣይው» ብላኝ ሄደች። ኮምቦልቻ ላይ ዝናብ ሊጥል እያጉረመረመ ነበር። ማዳበሪያውን ወደ ውስጥ ሳስገባ አፉ ተፈታና አንድ ብርቱካንማ ቁራጭ ወለሉ ላይ ወደቀ። አነሳሁት። ወዲያው ከድጃ ትዝ አለችኝ፤ ወዲያውም ቀናሁባት። ካየኋት ስንት ዘመኔ፣ አሁንም እቀናባታለሁ።

ከድጃና እኔ ከአንድ ሰፈር ወጥተን፣ በአንድ መኪና ተጭነን ካርቱም የገባን ነን። ካላክላ ውስጥ ከሌሎች የወሎ ሴቶች ጋር አንድ ግቢ ተከራይተን፣ ሳምንቱን በየሰው ቤት ስንሠራ እንሰነብትና አርብ አርብ እንገናኛለን። እሷ ኦምዱርማን አንድ የነጋዴ ቤት ትሠራ ነበር፣ እኔ ቡሪ አንዲት አሮጊት ዘንድ። በሁለት ሃፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ተሳፍሬ፣ በየፌርማታው ተገፍትሬ፣ አቧራ ለብሼ ስደርስ እሷ ቀድማኝ ገብታ ፉሉን በሰሊጥ ዘይትና በሽንኩርት ስታሽ አገኛታለሁ። ፉል እንኳ በሷ እጅ ሲሆን ይጣፍጥ ነበር። ይህም ያናድደኝ ነበር።

ያኔ ራሴን ገጣሚ ብዬ የሾምኩበት ጊዜ ነው። ያስተማረኝ የለም። የስኳር ካርቶን ቀድጄ እጽፋለሁ፣ ድስት እየፈተግኩ ቤት አስመታለሁ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። የሰው ወለል እየወለወልኩ አላረጅም እል ነበር፤ ምን ሆኜ እንደማረጅ ግን አላውቅም።

በግቢያችን አንድ ልማድ ነበር። እመቤቶቻችን ያረጀባቸውን፣ የሰለቻቸውን ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠሙበትን ያንን ረጅም ጨርቅ፣ ከልብስ ሰፊ ከተረፈ ቁራጭ ጋር ይሰጡናል። እኛ ቆራርጠን፣ አጋጥመን የአልጋ ልብስ እናደርገዋለን። አገር ቤት ይህ ነገር ድሪቶ ነው፣ የድህነት ስም። ካላክላ ግን ጌጥ ሆኖ ሱዳኖቹም ይፈልጉት ጀመር። ተሰፍቶ ሲያልቅ ይዘረጋና የሰፋችው ሴት እያንዳንዱን ቁራጭ በጣቷ እየነካች ከየት እንደመጣ ትናገራለች። ስሙንም ጭምር። ሱዳኖች ለቶብ ስም ያወጣሉ፤ አዲስ ዓይነት ገበያ በገባ ቁጥር ከነስሙ ይገባል።

በዚህ ከድጃን የሚያህላት አልነበረም። «ይሄ ‹አማቴ አየችኝ› ይባላል። ይሄ ‹የበረሃ ጀንበር›። ይሄ አረንጓዴው ደግሞ ‹አኩርፎ ተመለሰ›» ስትል ግቢው በሳቅ ይሞላል። እኔ ጥጌን ይዤ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ከአንድ ስንኝ ጋር ስታገል እከርማለሁ፤ እሷ አርብ ጠዋት ከዘንቢል ውስጥ ግጥም ትመዛለች። የነጋዴ ቤት ምን ይጎድላል፣ ቀለሙም ስሙም ሞልቶ ይፈሳል እያልኩ አርር ነበር።

የእኔ ቤት ደግሞ ነጭ ብቻ ነበር። እመቤቴ ሐጃ ነፊሳ ባላቸው ሞተውባቸው፣ እንደ አገሩ ልማድ ነጭ ቶብ ለብሰው ሐዘን ተቀምጠዋል። ገመድ ላይ የማሰጣው ነጭ፣ የማጥፈው ነጭ።

በዚህ መሀል የግቢያችን ታላቅ እትዬ ዘምዘም ጠቅልለው አገር ሊገቡ ሆነ። እትዬ ዘምዘም ካላክላ ገበያ ዳስ ሥር በእጅ በምትዞር የስፌት መኪና እየሰፉ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። አንድ አርብ ሁለታችንንም ጠሩን።

«መኪናዬን ተሸክሜ አልሄድም» አሉ። «አንዲት የሱዳን ሴት ለልጇ ሰርግ የአልጋ ልብስ አዛኛለች። ሁለታችሁም ስፉ። ሥራዋን የመረጠችላት ልጅ እመኪናዬ ላይ ትቀመጣለች። ያልቀናት እንዳታኮርፍ።»

«እኔ አላኮርፍም» አለች ከድጃ።

«አንቺን መች አልኩ» አሉ እትዬ ዘምዘም፣ እኔን እያዩ።

መኪናዋን ማግኘት ማለት ከሰው ቤት መውጣት ማለት ነበር። የራሴ ወንበር፣ የራሴ ጥላ፣ በእጄ እያዞርኩ በልቤ የምገጥምበት ቀን። እንቅልፍ አጣሁ። በምን ልስፋ?

ማንጎ ገበያውን በሞላበት ሰሞን የሐጃ ነፊሳ ሐዘን አበቃ። ታጥበው፣ ሐምራዊ ቶብ ለብሰው ወጡና ነጮቹን አጣጥፈው ክንዴ ላይ ጫኑብኝ። «ሶፍያ፣ ልጄ፣ ውሰጂልኝ። ከዚህ ቤት ይውጣ» አሉኝ። የሰጡኝ መሰለኝ። ያስወጡት መሆኑን አላየሁም። በእኛ አገር ነጭ የዒድ ነው፣ የሰርግ ነው፣ ከሳጥን የሚወጣ ነው። ደግሞም ስንት ዱዓ የተደረገበት ጨርቅ! ያልተባረከ ምን ሊባረክ?

ነጩን እንደ ሰፊ ሜዳ ዘረጋሁትና ያሉኝን ጥቂት ቀይና ሰማያዊ ቁራጮች በመሀሉ በተንኳቸው። ሳልደብቅ ልናገር፣ ያምር ነበር። ከድጃ አይታው፣ «ውይ ሶፊ!» አለችና ጫፉን በጣቷ ዳሰሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀናችብኝ መሰለኝ። ያን ሳምንት እየዘፈንኩ ነው ወለል የወለወልኩት።

የሙሽራዋ እናት በሰንደል ሽቶ ታጅባ አርብ መጣች። ሁለቱን የአልጋ ልብሶች ከግቢያችን ኒም ዛፍ ሥር ዘረጋንላት። እጇ የኔው ላይ ቆየ። «ይሄኛው ዓይን ያሳርፋል» አለች በዓረብኛ። እትዬ ዘምዘም በጎን ጠቀሱኝ። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ!

ከድጃ ግን የራሷን ቁራጮች በስም መጥራት ጀመረች። «አኩርፎ ተመለሰ» ላይ ስትደርስ ሴትዮዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እጇም ከኔ ጨርቅ ተነስቶ ወደ ከድጃ ጨርቅ ሄደ። አልቻልኩም። የኔም ታሪክ አለው ብዬ ዘልዬ ገባሁ። በተሰባበረ ዓረብኛዬ፣ «ይሄን እመቤቴ ሐዘኗን ሙሉ ለብሳው ኖራለች፤ በየቀኑ ለባሏ ዱዓ አድርጋበታለች» አልኳት።

ሴትዮዋ እሳት እንደነካት እጇን ሰበሰበች። «አዑዙ ቢላህ! የመበለት ጨርቅ ለሙሽራ?»

«ይቅር በያት፣ ልጅ ናት፣ አታውቅም...» አሉ እትዬ ዘምዘም። አልሰማቻቸውም። የከድጃን ጠቅልላ፣ የኔን በዓይኗም ሳትነካ ወጣች። እትዬ ዘምዘም ወደኔ ዞረው፣ «አሁን ማን ጠየቀሽ?» ብቻ አሉኝ።

ሌሎቹ ሲበተኑ ከድጃ ቀረች። ነጩን ጨርቅ ጫፍና ጫፉን ይዘን አብረን አጠፍነው።

«አንቺ ሞኝ፣ ‹የረመዳን ጨረቃ› ይባላል አትያትም?» አለችኝ።

«ስሙ እሱ ነው እንዴ?»

«ነጭ ጨርቅ ምን ስም አለው?»

«ያንቺዎቹስ?»

ሳቀች። «የኔ እመቤት ቁጭ ብላ ስም ትነግረኛለች ብለሽ ነው? በፌስታል ወርውራልኝ ‹ያላ፣ ሂጂ› ነው የምትለኝ። ሃፍላ ላይ ሆኜ ነው የማወጣላቸው።»

«ሁሉንም?»

«ታዲያስ! መንገዱ ረጅም አይደል?»

መኪናዋን ከድጃ ወሰደች። እኔ ቡሪ ተመለስኩ፣ ብዙ ዓመትም ቆየሁ። ስለ መኪናዋ የነበረኝ ቅናት ቀስ በቀስ ለቀቀኝ፤ ኋላ ቀሚሴን ሳይቀር እሷ ነበረች የምትሰፋልኝ። ያልለቀቀኝ ሌላው ነው። ገጣሚ ነኝ እያልኩ ካርቶን ስቀድ፣ እውነተኛዋ ገጣሚ አጠገቤ ፉል ታሽ ነበር። እሷ ደግሞ አታውቀውም፤ ብነግራት ትስቅብኛለች። ሰው ያለውን ሳያውቅ ሲይዘው ማየት እንዴት እንደሚያቃጥል የቀመሰው ያውቀዋል።

አገር ስገባ ነጩን የአልጋ ልብስ ይዤው መጣሁ። ዛሬም አልጋዬ ላይ ነው፣ ጥሩ ያስተኛል። የእህቴን ልጅ ማዳበሪያ አልጣልኩትም። ብርቱካንማውን ቁራጭ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ስም ሳፈላልግለት ዋልኩ። ዝናቡ መጥቶ ጣሪያውን ሲደበድብ ቆየና አባራ፤ አሁንም ስም አላገኘሁም። ከድጃ ብትሆን ሃፍላው የኦምዱርማንን ድልድይ ሳይሻገር አውጥታለት ነበር።